የዱሩ ጆሮና የባትሪ ድንጋዩ

ጅቡ ጥሪውን ጀምሯል። ድምፁ ከታች ተነሥቶ እየቀጠነ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ፋይሉ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ያሉት 21 ሌሊቶች ባዶ ናቸው።

ይህ ፋይል የተቀዳው ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚያመራው ጎዳና ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርድበት ተዳፋት፣ በአንድ ግራር ላይ በታሰረ አነስተኛ የድምፅ መቅጃ ነው። መሣሪያውን በሰኔ መግቢያ የሰቀልነው ለሚቀጥለው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከሚያዘጋጁ ሁለት ተማሪዎች ጋር ነበር። ዓላማችን አንድ ነበር፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ወንዶቹ እንቁራሪቶች በኅብረት የሚጮኹባቸውን ጥቂት ሌሊቶች መያዝ። ከ30 ቀን በኋላ ስንመለስ መሣሪያው ደኅና ነበር፤ ማይክሮፎኑ አልረጠበም፤ ሚሞሪ ካርዱም የሞላው ሩቡን ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን ቀረጻው በዘጠነኛው ሌሊት ቆሟል። ዝናቡ የወረደው በአሥራ አራተኛው እንደነበረ የአካባቢው ገበሬዎች ነገሩን። እንቁራሪቶቹ እስከ ሚቀጥለው ዓመት አይደግሙልንም፤ ከተማሪዎቹ የአንዷ የጥናት ርእስም በዚያው ተለወጠ።

ጥፋቱ የማን ነው? ከሱቅ የገዛናቸው ሦስት የባትሪ ድንጋዮች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረውን የአንድ ገጽ ስሌት ሳልሠራ ወደ ዱር ወጥቼ ነበርና። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያን ስሌት ዘግይቶም ቢሆን ይሠራል።

መሣሪያው ምን ይጠይቃል?

የአእዋፍን ድምፅ በመቅዳት ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮህ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ.፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በቤት ውስጥ የሚኖር የወፍ ዜማ በኤዲሰን የሰም ሲሊንደር ላይ ቀዳ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዱር ድምፅ መቅዳት ማለት ከባድ ቴፕ ተሸክሞ፣ ማይክሮፎን አንሥቶ፣ እንስሳው እስኪጮህ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ዛሬ የሚጠብቀው መሣሪያው ነው። በብሪታንያ የሳውዝሃምፕተንና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የሠሩት ኦዲዮሞዝ የተባለው መቅጃ 58 በ48 በ15 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከኪስ ይገባል። የሚሠራውም በግድግዳ ሰዓት ውስጥ በምናስገባው ዓይነት፣ ዳብል ኤ በሚባለው መጠን፣ በሦስት ድንጋዮች ነው። በብዙ እጥፍ የሚወደደው የአሜሪካኑ ሶንግ ሚተር 4 ደግሞ አራት ትልልቅ የቴፕ ድንጋዮች ይጎርሳል።

የእነዚህን መሣሪያዎች የመግለጫ ወረቀት የሚያነብ ተማሪ ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በናሙና ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ያማልላል። ኦዲዮሞዝ በሰከንድ እስከ 384,000 ናሙና መውሰድ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ የሚያስፈልገው ከድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ የሚበልጥ የናሙና ፍጥነት ነው። የጅብ ጥሪ ዋናው ክፍል ከ1,000 ሄርዝ በታች ነው፤ ጎህ ሲቀድ የሚያስገመግመው ጉሬዛም እንዲሁ ዝቅተኛ ነው፤ የአብዛኞቹ ወፎች ዜማ ደግሞ ከ10,000 ሄርዝ አይዘልም። ስለዚህ 32,000 ናሙና ይበቃል። ከ100,000 ሄርዝ ሊያልፍ የሚችለውን የሌሊት ወፍ ድምፅ ለሚያጠና ብቻ ነው ትልቁ ቁጥር የሚያስፈልገው።

እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ይወስዳል። በ32,000 ናሙና አንድ ሰዓት ቀረጻ 230 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በ384,000 ግን ወደ 2.8 ጊጋባይት ይጠጋል። ሚሞሪ ካርዱ በቶሎ መሙላቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ካርድ ላይ መጻፍ ኮረንቲ ይበላል፤ ስለዚህ ያለአግባብ ከፍ የተደረገ የናሙና ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

የአንድ ገጽ ስሌት

ለስሌት እንዲመቸን መሣሪያችን ሲቀዳ 15 ሚሊአምፒር፣ ሲያንቀላፋ ደግሞ 0.1 ሚሊአምፒር ይወስዳል እንበል። ማለዳ ሁለት ሰዓት፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ይቅዳ። በቀን 15 ሲባዛ በ4፣ ማለትም 60 ሚሊአምፒር ሰዓት፤ ለእንቅልፉ ደግሞ 0.1 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 2፤ በድምሩ 62 ሚሊአምፒር ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ የማገኘውን ስሕተት ሳልጠቅስ አላልፍም። ሦስት ድንጋዮች በተከታታይ ሲገጠሙ የሚደመረው ቮልቴጁ እንጂ አቅማቸው አይደለም። እያንዳንዳቸው 2,400 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢይዙ ሦስቱም አብረው የሚሰጡት በ4.5 ቮልት ያንኑ 2,400 ነው፤ 7,200 አይደለም። በተከታታይ የተገጠሙ ድንጋዮች አንድ ኮረንቲ ያልፍባቸዋልና አብረው ያልቃሉ። ከሦስቱ አንዱ አሮጌ ከሆነም እርሱ ሲያልቅ ሁሉም ያልቃሉ።

ስለዚህ ጥሩ የአልካላይን ድንጋይ 2,400 ለ62 ሲካፈል 38 ቀን ይሰጣል። ሩቡን ለመጠባበቂያ ብንቀንስለት እንኳ 29 ቀን ይቀረናል። እኛ የገጠምነው ግን ዚንክ-ካርቦን የሚባለውን ርካሹን ዓይነት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ዳብል ኤ ድንጋይ አቅም 700 ገደማ ነው ብንል 11 ቀን ብቻ ይቆያል። በማሸጊያው ላይ በትልልቁ የተጻፈው «ሄቪ ዲዩቲ» የሚለው ቃል ጠንካራ መስሎ ያታልላል፤ በተግባር የዚንክ-ካርቦን ቤተሰብ መለያ ስም ነው።

ስሌቱ 11 ካለ ለምን በ9 ቆመ? መልሱ በድንጋዩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ውስጥ ነው። መቅጃው በአማካይ 15 ሚሊአምፒር ቢወስድም ካርዱ ላይ በሚጽፍባት ቅጽበት ፍላጎቱ ወደ 100 ሊዘል ይችላል። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ያድጋል። እያንዳንዱ ድንጋይ 1 ኦም ቢደርስ በዚያች ቅጽበት ሦስቱ አብረው 0.3 ቮልት ያጎድላሉ። መሣሪያው ቢያንስ 3.3 ቮልት የሚሻ ከሆነ፣ በመልቲሜትር ሲለኩ 3.5 ቮልት የሚያሳዩ ድንጋዮች በጽሕፈቱ ወቅት ከመስመሩ በታች ይወድቃሉ፤ መቅጃው ይጠፋል። ያመጣናቸውን ድንጋዮች በላቦራቶሪ ስንለካቸው ገና ያላለቁ መምሰላቸው የገረማቸው ተማሪዎቼ መልሱን ያገኙት እዚህ ላይ ነው። የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ መንከስ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። አጉል ልማድም አይደለም፤ ሙቀቱ ኬሚካላዊውን ሂደት ያፋጥናል፣ ሬዚስታንሱም ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል። ግራር ላይ የተሰቀለን መቅጃ ግን የሚነክስለት የለም።

የትኛው ድንጋይ?

ዚንክ-ካርቦንን ለዚህ ሥራ አልመክርም። አቅሙ ማነሱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የዚንኩ ቆርቆሮ መያዣም ኔጋቲቭ ኤሌክትሮድም ነው፤ ኃይል ሲሰጥ ራሱ መያዣው እየተበላ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ፈሳሹ ወጥቶ መሣሪያውን ይበላል።

አልካላይን በወልቂጤም በቡታጅራም ይገኛል፤ ነገር ግን ከመግዛት በፊት ይመዘን። እውነተኛ ዳብል ኤ አልካላይን 23 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አልካላይን ተብሎ ተጽፎበት ከ18 በታች የሚመዝን ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ያገለገለ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ከጥቂት ሴንቲሜትር ከፍታ በቁሙ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መፈተን ይቻላል። አዲሱ ደፍ ብሎ ይቀራል፤ ያገለገለው ይነጥራል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በውስጡ ያለው የዚንክ ዱቄት ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ሲለወጥ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል። መንጠሩ ግን ድንጋዩ ገና ሳያልቅ ከፍተኛውን ደረጃ ስለሚይዝ፣ የነጠረ ሁሉ ያለቀ ነው ማለት አይደለም።

እንደገና የሚሞላው ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ይሸሹታል። እኔ ግን ለተደጋጋሚ ጥናት ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። አልካላይን ከ1.5 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ይህኛው 1.2ን እስከ መጨረሻው አካባቢ ይዞ ይቆያል፤ ለአንድ ድንጋይ 1.1 ቮልት ለሚበቃው መሣሪያ ጉድለቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢይዝ 32 ቀን ይሰጠናል፤ በመቶ ለሚቆጠሩ ጊዜያትም ይሞላል። በእረፍት ላይ ሳለ ኃይሉን የሚያፈሰውን የድሮውን ዓይነት ሳይሆን፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለገበያ የቀረበውን ሙሌቱን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቀውን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል።

የማይሞላው 1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ 15 ግራም ብቻ ሲመዝን 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓትና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ቦታው የተለየ ነው፤ ቦታውም ከቡታጅራ በላይ የሚታየው ዘቢዳር ነው። የጊቤ ድልድይ አካባቢ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው የዘቢዳር ጫፍ ከ3,700 ሜትር ይበልጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ብንል ልዩነቱ 17 ዲግሪ ነው። በሸለቆው አንድ ወር የሠራ አልካላይን በዘቢዳር ሌሊት ብርድ ከአቅሙ ጥቂት የማይባለውን ሊነፍግ ይችላል። ድንጋዩ ቀን ሲሞቅ ያገግማል፤ እኛ የምንቀዳው ግን ንጋት ላይ፣ ከሁሉ በቀዘቀዘው ሰዓት ነው።

ተማሪዎች ዘወትር የሚያቀርቡልኝ ሌላ ሐሳብ አለ፤ «መምህር፣ ለምን ፓወር ባንክ አንጠቀምም?» የሚል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ፓወር ባንክ የሚወሰደው ኮረንቲ በጣም ሲያንስ ስልኩ ሞልቷል ብሎ ራሱን ይዘጋል። የሚያንቀላፋ መቅጃ ደግሞ ከ1 ሚሊአምፒር በታች ነው የሚወስደው። ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪም በቮልቴጅ ቀናሽ ዕቃ በኩል ሲገጠም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ቀናሹ ዕቃ ያለ ሥራ 5 ሚሊአምፒር ቢወስድ በቀን 120 ሚሊአምፒር ሰዓት ይበላል፤ መቅጃው ራሱ ከሚፈልገው እጥፍ ማለት ነው። ከላፕቶፕ ባትሪ የተነቀሉ የሊቲየም-አዮን ሴሎችን በተመለከተ፣ አንዱ ብቻ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሆነ ሦስቱን በድንጋዮቹ ቦታ መግጠም 12.6 ቮልት መልቀቅና መሣሪያውን ማቃጠል ነው። ሶላር ደግሞ በክረምት ደመናና በዛፍ ጥላ ሥር ብዙ አይረዳም፤ ከሩቅ እያብለጨለጨም የመቅጃውን ቦታ ለሰው ሁሉ ያሳያል።

ከአንድ ወር በላይ ለሚቆይ ቀረጻ ቀላሉ መፍትሔ የአባቶቻችን የቴፕ ድንጋይ ነው። ሦስት ትልልቅ የአልካላይን ድንጋዮች በፕላስቲክ ሣጥን ተደርገው በሽቦ ቢያያዙ 12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይሰጣሉ፤ በእኛ ስሌት ከስድስት ወር በላይ ነው። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ካርዱ ይሆናል። በቀን 0.92 ጊጋባይት ስለምንቀዳ 32 ጊጋባይት ካርድ በ34 ቀን ይሞላል።

ሰዓቱና ሙከራው

ድንጋዩ ተስተካክሎ እንኳ ቀረጻው ከንቱ የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ። ኦዲዮሞዝን ጨምሮ ብዙ መቅጃዎች ዓለም አቀፉን ሰዓት ይከተላሉ። የእኛ ንጋት 11 ሰዓት በስልካችን 5:00 ሲሆን በመሣሪያው ግን 2:00 ነው። አንድ ተማሪ በቅንነት 11 ብሎ ቢያስገባ መቅጃው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ነፋስና ዝንብ ይቀዳል፤ የጉሬዛው ማለዳ ያልፋል።

መቅጃው የሰውንም ወሬ ይሰማልና ከመስቀላችን በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ በጀፎረ ዳር ከሆነም ለመንደሩ ሽማግሌዎች መንገር ግዴታችን ነው። የተነገረው እረኛ ደግሞ ዕቃውን ይጠብቅልናል።

በየትምህርት ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሙከራ ይኸውላችሁ። ከገበያ የምታገኟቸውን የተለያዩ ዳብል ኤ ድንጋዮች እያንዳንዳቸውን ከአንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ጋር አገናኙ። 1.5 ቮልት ለ100 ኦም ሲካፈል 15 ሚሊአምፒር ነው፤ የመቅጃው ኮረንቲ ማለት ነው። በየሦስት ሰዓቱ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለክታችሁ በግራፍ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ሌሊትም ተራ ግቡ። ጥሩው አልካላይን አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ርካሹ ሦስተኛውን ቀን ሳይጨርስ ከ1.1 በታች ይወርዳል። እኛም በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ይህንኑ ሠርተን፣ የተመረጡትን ድንጋዮች መዝነንና ቁጥር ጽፈንባቸው፣ ወደዚያው ግራር እንመለሳለን።