አንዲት መንደር፣ አንዲት መስመር

የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ከሚያወጣቸው ሰነዶች ሁሉ እኔ የምወደው ብዙዎች ገልጠው የማያዩትን ነው፤ በየአውራጃው የሚታተመውን የመንደር ማውጫ። የአገሪቱ ጠቅላላ ድምር፣ 1.21 ቢሊዮን፣ የጋዜጣ ርዕስ ሆኖ አለፈ። ማውጫው ግን ለእያንዳንዷ መንደር አንዲት መስመር ይሰጣል፦ ባለ ስድስት አኃዝ መለያ፣ የመሬት ስፋት፣ የነዋሪ ብዛት፣ ትምህርት ቤት፣ ውኃ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ መንገድ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ከ640,000 በላይ መንደሮች ተመዝግበዋል። 43,000 ያህሉ ሰው አይኖርባቸውም፤ መሬታቸው በግብር መዝገብ ስላለ መስመራቸው አልተሰረዘም።

የነዋሪው ቁጥር የመንደሩን መንገድ ይወስናል። በታኅሣሥ 2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለመሥራት መለኪያ ያደረገው የሰው ብዛትን ነው፤ በሜዳማ አገር 500፣ በተራራና በበረሃ 250። በቆጠራው ሰሞን አንድ ቤተሰብ ለቀን ሥራ ከተማ ከርሞ ከሆነ፣ 249 ላይ የቆመች የተራራ ሰፈር ከወረፋው ልትወጣ ትችላለች። በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍም የሚመራው በዚያው በ2011 ቁጥር ነው፤ የ2021ዱ ቆጠራ በኮቪድ ምክንያት ተላልፎ ለ2027 ተቀጥሯልና። ስለዚህ «የመንደሩ ሕዝብ 812 ነው» ብሎ ዓመቱን ሳይጠቅስ የሚጽፍ ሰው ያበሳጨኛል። «ነበር» ማለት ምን ያስቸግራል?

አሁን ወደምወዳቸው ፊደላት ልምጣ። አውቶቡስ መንደሩ ውስጥ ከሌለ፣ ማውጫው በአንዲት የላቲን ፊደል ርቀቱን ይነግራል፦ «ኤ» ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ «ቢ» ከ5 እስከ 10፣ «ሲ» ከ10 በላይ። ለባቡር ጣቢያውም፣ ለባንኩም፣ ለሆስፒታሉም እንዲሁ ነው። ሚሊዮን ጉዞዎች በሦስት ፊደል ተጠቅልለዋል! አንድ አውራጃ ፊት ለፊት ዘርግቶ በዓምዱ ቁልቁል ዓይንን መላክ ብቻ በቂ ነው፤ «ኤ» የሚበዛበት አውራ ጎዳና የሚያልፍበት፣ «ሲ» የሚደረደርበት ጫካ ወይም ገደል ያለበት መሆኑ ካርታ ሳይታይ ይገመታል።

ስህተቱ የሚጀምረው ፊደሏን እንደ ልክ ርቀት ከመውሰድ ነው። በቢሃር ግዛት የጌህሎር መንደር ሰው የነበረውን ዳሽራት ማንጂን አስቡ። ከ1960 እስከ 1982፣ 22 ዓመት ሙሉ፣ በመዶሻና በመሮ ተራራ ፈልፍሎ 110 ሜትር ያህል መተላለፊያ ከፈተ። በአትሪና በዋዚርጋንጅ መካከል 55 ኪሎ ሜትር የነበረው ጉዞ ወደ 15 ወረደ። ለታመመ ሰው ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። በማውጫው መለኪያ ግን 55ም «ሲ»፣ 15ም «ሲ» ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ድካም ፊደሏን አያንቀሳቅሳትም። «ኤ»ም ብትሆን እንዲሁ ታታልላለች። አራት ኪሎ ሜትር ላይ አውቶቡስ ቆሞ በመካከል ድልድይ የሌለው ወንዝ ካለ፣ በዝናብ ወራት ያ አውቶቡስ የለም ማለት ነው።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። አንድ ተማሪ ማንበብ የሚችሉትን በጠቅላላው ነዋሪ አካፍሎ መንደሪቱን ከሚገባት በላይ መሃይም አድርጓት አሳየኝ። ቆጠራው ማንበብና መጻፍን የሚመዘግበው ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከ0 እስከ 6 ያሉት ሕፃናት በዚያው መስመር ለብቻቸው ተጽፈዋል። መጀመሪያ እነሱን መቀነስ ነው።

ለርቀቱም መድኃኒቱ እዚያው ማውጫ ውስጥ ነው። ከፊደላቱ አጠገብ የአስፋልት፣ የጠጠር፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድና የእግር መንገድ ዓምዶች አሉ። «ኤ» ተብሎ የእግር መንገድ ብቻ ከተመዘገበ፣ እህል የጫነ ተሽከርካሪ እዚያ አይደርስም፤ «ሲ» ተብሎ አስፋልቱ ካለ ደግሞ ያ መንደር ከ«ኤ»ው ይልቅ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል።