ብረትን መስተዋት ማልበስ፦ የኢናሜል ሥራ መሠረታዊ ሐሳብና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለማስተማሪያነት ያለው ጥቅም

መግቢያ

የኢናሜል ዕቃ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ነጩ ሳህን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ኩባያ፣ አበባ የተሣለበት ትሪና ማንቆርቆሪያ በገበያም በጓዳም የታወቁ ናቸው። ከሱዳኗ ጋላባት ጋር በምትጎራበተው በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃና በቋራ፣ ወድቆ የማይሰበርና በቀላሉ የሚታጠብ ዕቃ ለእርሻ ሠፈር ኑሮ ተስማሚ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው በየቀኑ የሚያየው ይህ ዕቃ ከምን እንደተሠራ፣ ሲወድቅም ለምን እንደሚላጥ በክፍል ውስጥ ሲብራራለት እምብዛም አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢናሜልን ምንነትና የአሠራሩን ቅደም ተከተል ማስረዳት፣ እንዲሁም በቆላው ትምህርት ቤቶች እስከ ምን ደረጃ ሊሰጥ እንደሚችል ማመልከት ነው።

የኢናሜል ምንነት

ኢናሜል ቀለም አይደለም፤ በብረት ላይ ቀልጦ የተጣበቀ መስተዋት ነው። ሲሊካ፣ ቦራክስ፣ ፌልድስፓርና ሶዳ በአንድነት ከቀለጡ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲፈስሱ ይሰባበራሉ፤ ስብርባሪው ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ቦራክስ የቅልጠቱን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። አንጥረኞቻችን ለብየዳ የሚጠቀሙበት ቦራክስ ይኸው ነው። ቀለሙን የሚሰጡት የማዕድን ኦክሳይዶች ናቸው፤ ለምሳሌ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ታይታንየም ነጭ ያደርጋል።

በብረት ሳህን ላይ የሚደረገው ልባስ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ኮባልትና ኒኬል ያለበት ጠቆር ያለ የሥር ልባስ ሲሆን፣ ተግባሩ መስተዋቱን ከብረቱ ጋር ማያያዝ ነው። ነጩ ወይም ባለ ቀለሙ የላይ ልባስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተላጠ ሳህን የሚያሳየው ጥቁር ነጥብ ይኸው የሥር ልባስ ወይም የተጋለጠው ብረት ነው።

ለምን ይላጣል?

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። መምህሩ ይህን በስሌት ሊያሳይ ይችላል። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሳህን ከ500 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ፣ ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ስለሚኮማተር፣ 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። በላዩ ያለው መስተዋት ከብረቱ ይበልጥ ቢኮማተር ይለጠጥና ይሰነጠቃል፤ እጅግ አንሶ ቢኮማተር ደግሞ ተስፈንጥሮ ይላቀቃል። ስለዚህ ኢናሜል ከብረቱ በጥቂቱ ብቻ አንሶ እንዲኮማተር ተደርጎ ይቀመማል። መስተዋት መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን ግን አይችልም። የጠርሙስ ስባሪ ፈጭቶ በብረት ላይ ማቅለጥ አጥጋቢ ውጤት የማይሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ለጀማሪ ከብረት ይልቅ መዳብ ይመረጣል፤ የተለየ የሥር ልባስ ሳያስፈልገው ኢናሜሉን ይቀበላልና።

1. ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ቅጠል ተቆርጦ ጠርዙ ይሞረዳል።

2. መዳቡ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨውና በኮምጣጤ ታጥቦ ይፈተጋል። ውሃ ሲፈስስበት ሳይንጠባጠብ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ቅባቱ ለቅቋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ፊቱን በጣት መንካት አይገባም።

3. በውሃ የቀጠነ ሙጫ ይቀባና ዱቄቱ በደቃቅ ወንፊት እኩል ይነሰነስበታል። ለዚህ ሥራ የግራር ሙጫ ያገለግላል፤ ጎረቤታችን ሱዳን በዓለም የታወቀችበት ምርት ስለሆነ የቆላው ተማሪ የአካባቢውን ሀብት ከኢንዱስትሪ ጋር እንዲያያይዝ ይረዳዋል።

4. እርጥበቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይደርቃል፤ አለዚያ እንፋሎቱ ዱቄቱን ይበትነዋል።

5. ከ750 እስከ 820 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ውስጥ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ይገባል። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ ስኳር ቅንጣት፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ፣ በመጨረሻም ለስላሳና አንጸባራቂ ይሆናል።

6. በጉጠት ወጥቶ ነፋስና ውሃ በማይነካው ቦታ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። መዳቡ እንዳይጣመም ጀርባውም በተመሳሳይ መንገድ ይለበሳል።

በቆላው ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በክረምት እርጥበት የተፈተገ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራ በዱቄቱ ላይ ያርፍና ነቁጥ ይተዋል። ሙቀቱ ከፍ በሚልባቸው ወራት የምድጃ ሥራ በማለዳ ቢደረግ ይመረጣል። ወናፍ ያለው የከሰል ምድጃ የሚፈለገውን ሙቀት ሊሰጥ ቢችልም፣ ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት ምድር ነው፤ ለማስተማሪያ ተብሎ ያ ዛፍ ከተቆረጠ ትምህርቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በመሆኑም መብራት ባለበት ቦታ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይመረጣል።

የጤና ጥንቃቄም ከሥራው ተለይቶ አይታይም። እርሳስና ካድሚየም ያለበት ዱቄት ወደ ትምህርት ቤት መግባት የለበትም። የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍንጫና አፍ በሚገባ መሸፈን አለበት። በተማሪ የተሠራ ዕቃ ለጌጥ ወይም ለምልክት እንጂ ለምግብ አይውልም። የተላጠ ሳህንንም በተራ ቀለም ቀብቶ ምግብ ማቅረቢያ ማድረግ ስሕተት መሆኑን ተማሪው ለቤተሰቡ ሊያስረዳ ይገባል።

ለዕቅድ አውጪዎች

ሥራውን በሦስት ደረጃ መክፈል ይቻላል። በመጀመሪያው ደረጃ ምድጃ አያስፈልግም፤ መምህሩ የተላጠ ሳህን ይዞ ገብቶ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዝገትና ስለ መስተዋት ያስተምራል። ይህን ማንኛውም ትምህርት ቤት ያለ ወጪ ሊፈጽመው ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ለብዙ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚያገለግል አንድ ማዕከል ምድጃና ዱቄት ይይዛል፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የነበሩት የአውራጃ የፔዳጎጂ ማዕከሎች ለዚህ ዓይነቱ የጋራ አሠራር ምሳሌ ይሆናሉ። በብረት ላይ የሚሠራው ሦስተኛው ደረጃ ግን ለቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚተው ነው። ዱቄቱ በየጊዜው የሚገዛ መሆኑ ሳይታሰብ ምድጃ ብቻ ከተገዛ፣ ምድጃው የመጋዘን ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ የኢናሜል ትምህርት ተማሪውን ሁሉ ባለ ሙያ ለማድረግ የታሰበ አይደለም። ተማሪው በእጁ የያዘውን ዕቃ ጠይቆ እንዲረዳ ማስቻል ግን የትምህርት ዋነኛ ተግባር ነው። ለዚህ ሲባል ምድጃው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተላጠው ሳህን ዛሬውኑ በእጅ አለና።