ከቁጥር 11 በፊት ያለው ደብዳቤ

ከትንቢተ ኤርምያስ አንድ ጥቅስ ብቻ በቃሉ የያዘ ክርስቲያን ካለ፣ የያዘው ምዕራፍ 29 ቁጥር 11ን ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ በጎ እንደሚያስብ የሚናገረው ይህ ቁጥር በምረቃ ካርድ ላይ ይታተማል፣ በየሳሎኑ ይሰቀላል፣ ለቃለ መጠይቅ ለሚሄድ ሰው በስልክ ይላካል። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ማታ በየቤቱ እየተሰበሰብን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። የጸሎት ርእስ ሲቀርብ ይህ ቁጥር ሳይነሣ የቀረበት ምሽት ትዝ አይለኝም። የመኖሪያ ፈቃዱ የዘገየበትም፣ ሚስቱ አዲስ አበባ የቀረችበትም ይዘውታል። መያዛቸውን እወዳለሁ። የሚከነክነኝ ከላዩ ያሉትን ቁጥሮች ሳናነብ መያዛችን ነው። ቁጥር 11 የአንድ ደብዳቤ ክፍል ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ ሹማምንቱን፣ አናጢውንና ብረት ሠሪውን ሰብስቦ ወሰዳቸው። ከተማዋና ቤተ መቅደሱ ግን ገና አልፈረሱም፤ ያ የሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የተማረኩት ሰዎች ልባቸው በመንገድ ላይ ነበር። ቤታቸው ቆሟል፣ ዘመዶቻቸው በሕይወት አሉ፤ ዛሬ ነገ እንመለሳለን ይላሉ። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ደብዳቤ የጻፈላቸው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ይዘውት የሄዱት የሳፋን ልጅ ኤልዓሣና የኬልቅያስ ልጅ ገማርያ፣ ንጉሡ ሴዴቅያስ ወደ ናቡከደነፆር የላካቸው መልእክተኞች ነበሩ። መንገዱ ረጅም ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ዕዝራ ከባቢሎን ኢየሩሳሌም ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶበታል።

የደብዳቤው መልእክት የጠበቁት አልነበረም። ቤት ሥሩና ኑሩበት፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ተባዙ ይላቸዋል። ቀጥሎ ደግሞ ለሚሰማ አይሁዳዊ ሁሉ የሚያንገፈግፍ ነገር ያዛል፦ ለማረከቻችሁ ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ፤ የእርሷ ደኅንነት የእናንተም ደኅንነት ነው። ለናቡከደነፆር ከተማ! አንድ ነቢይ ለማራኪ ከተማ ጸልዩ ሲል እስኪ አስቡት። መመለሻውም 70 ዓመት ተባለ። ደብዳቤው ሲነበብ በጎልማሳነት ዕድሜ ለነበረ ሰው 70 ዓመት ማለት አንተ አትመለስም ማለት ነው፤ የሚመለሱት ልጆችህ ወይም የልጅ ልጆችህ ናቸው። ያ የምንወደው ቁጥር 11 የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተስፋው ለአንድ ሰው የዘንድሮ ዕቅድ የተሰጠ ማረጋገጫ አልነበረም። ለሽማግሌዎች፣ ለካህናት፣ ለነቢያትና ለሕዝቡ ሁሉ በአንድነት የተነገረ፣ ከአንድ ትውልድ በላይ የሚሄድ ቃል ነበር።

በደብዳቤው የተባለው መደረጉን የሚያሳይ የሸክላ ማስረጃ አለ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዋይ ከ1899 እስከ 1917 ባቢሎንን ሲቆፍር ከወጡት ጽላቶች መካከል፣ በ1939 ታትመው እንደወጡት፣ የይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያንና ልጆቹ ከቤተ መንግሥት የዘይት ቀለብ እንደተሰፈረላቸው የሚመዘግቡ አሉ። እኔን ይበልጥ የሚነኩኝ ግን የተራ ሰዎቹ ናቸው። ‘የይሁዳ ከተማ’ ከምትባል የባቢሎን ገጠር መንደርና ከአካባቢዋ የተገኙ የውል ጽላቶች አሉ፤ ከሁሉ ቀደም ያለው የተጻፈው በ572 ቅድመ ልደት ነው። መሬት የተከራየ፣ ገብስ የተበደረ፣ ግብር የከፈለ፣ የአባቱን ንብረት ከወንድሞቹ ጋር የተካፈለ ሰው ስሙ ይነበባል፤ በብዙዎቹ ስም ውስጥም የእስራኤል አምላክ ስም አለ። ተክለዋል፣ ወልደዋል፣ ማን እንደሆኑም አልረሱም።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም አልወደደውም። ሸማያ የሚባል ምርኮኛ ከባቢሎን ለኢየሩሳሌሙ ካህን ለሶፎንያስ ጽፎ፣ ምርኮው ረጅም ነው የሚለውን ይህን ሰው ለምን አትገሥጸውም ሲል ኤርምያስን ከሰሰው። በኢየሩሳሌምም የገባዖኑ ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሁሉም በሁለት ዓመት ይመለሳል ብሎ ተንብዮ ነበር። ኤርምያስ በአንገቱ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበርም ነጥቆ ሰበረው። ኤርምያስ በመጀመሪያ የመለሰው አሜን ብሎ ነው፤ እግዚአብሔር እንዳልከው ያድርግ አለው። የሕዝቡን መመለስ ከማንም በላይ የሚመኝ እርሱ ነበርና። ቀንበሩ ሲሰበርም ዝም ብሎ ሄደ። ቃል እስኪመጣለት ጠበቀ፤ ከመጣለት በኋላ ነው ተመልሶ ሐናንያን ሕዝቡን በሐሰት አሳመንህ ያለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የእኛ መድረኮች ትዝ ይሉኛል። በዚህ ሦስት ወር ወረቀትህ ይወጣል፣ ዘንድሮ አገርህ ትገባለህ የሚል ድምፅ ከማይክሮፎን እንሰማለን። በቡድናችን ያለ አንድ ወንድም የነርስነት ትምህርት ሊጀምር ሲል እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮት ምዝገባውን ተወ። ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ሥራው ክቡር ነው። የሚያሳዝነኝ ያላመለከተበት ትምህርት፣ ያልተከለው አትክልት ነው። ትንቢትን ለዛሬ ሕይወት ማዋል ማለት እንዲህ ከሆነ፣ እኛ የያዝነው የሐናንያን ቃል እንጂ የኤርምያስን አይደለም።

አንድ ነገር ግን እጠነቀቃለሁ። ባቢሎን ለይሁዳ ሰዎች ቅጣት እንደነበረች ኤርምያስ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ይህን አንሥቼ ከጦርነት ለሸሸች እናት ስደትሽ የኃጢአትሽ ዋጋ ነው ማለት አልችልም፤ ያን ስለ እርሷ የተናገረ ነቢይ የለም። እኔንም የማረከኝ ንጉሥ የለም፣ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። የጥንቱን ቃል ወደ ራሳችን ስናመጣ ከማን ጋር እንደምንመሳሰልና የት ላይ እንደምንለይ ማየት አለብን። ክርስቲያን የእስራኤልን ተስፋ የሚወርሰው በክርስቶስ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚወርሰው ግን ከነደብዳቤው፣ ከ70 ዓመቱና ለከተማዪቱ ከሚደረገው ጸሎት ጋር ነው።

ኤርምያስ ሌሎችን ተክላችሁ ኑሩ ብሎ እርሱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከዓመታት በኋላ ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እርሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በትውልድ መንደሩ በዓናቶት የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። የግዢውን ውል ጸሐፊው ባሮክ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው አዘዘው። እርሻው ያኔ በጠላት እጅ ባለ አገር ውስጥ ነበር። ይህን ነቢይ ከተጣለበት የጭቃ ጉድጓድ በገመድ ያወጣው መጽሐፉ ኢትዮጵያዊ የሚለው አቤሜሌክ መሆኑን የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ተረፈ ባሮክ የሚባለው መጽሐፍም አቤሜሌክ የበለስ ቅርጫቱን እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ የምርኮውን ዘመን እንዳለፈ ይተርካል። የደብዳቤው ተቀባዮች ግን ዘመኑን የማሳለፍ ዕድል የነበራቸው ነቅተው ነው።

ባለፈው በቡድናችን ያሉ አንዲት እናት፣ “ታዲያ ከልጅ ልጄ ክፍል የለጠፍኩትን ቁጥር ላንሣው?” ብለው ጠየቁኝ። “አያንሡት እማማ” አልኳቸው። “ከቁጥር 4 ጀምረው አብረውት ያንብቡለት። ሲጨርሱ ደግሞ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና አስተማሪዎቹን በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩ።” እሳቸውም የአስተማሪዋን ስም ለመጥራት እንዴት እንደሚባል ከልጁ እንደሚማሩ ነገሩኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሙን ለቡድኑ ሁሉ አስተማሩን፣ አብረንም ጸለይንላት።