አሻራ ሲፋቅ ዓይን ይመሰክራል

በአገራችን መጻፍ የማይችል ሰው ሲፈርም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። የብድሩም የመሬት ኪራዩም ውል በዚህ ጸንቶ ኖሯል። ክርክር ካልተነሳ በቀር ግን ያን አሻራ ከሌላ ጋር የሚያስተያየው አልነበረም። ዛሬ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲወጣ አሻራው እዚያው ይነበባል፣ ከሌሎችም ጋር ይነጻጸራል።

ጉደር ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማሽኑ ሰውን እንዴት እንደሚለይ ይጠይቁኛል። የጣት መስመሮች የሚሠሩት ገና በማህፀን ሳለን ነው። ዘር አጠቃላይ ቅርጻቸውን ቢወስንም፣ ጽንሱ የሚያገኘው ግፊትና እንቅስቃሴ ዝርዝራቸውን ስለሚቀርጸው የተመሳሳይ መንትዮች አሻራ እንኳ ይለያያል። መሣሪያው መስመሮቹ የሚያበቁበትንና ለሁለት የሚከፈሉበትን ነጥቦች ይለይና አቀማመጣቸውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ አዲሱ መረጃ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። በኋላ ባንክ ሄዶ ማንነቱን በአሻራ ሲያረጋግጥ የሚጣራው አሻራው ከዚያ ቁጥር ባለቤት ጋር መግጠሙ ብቻ ነው።

አንድ አረጋዊ ጎረቤታችንን ለምዝገባ አጅቤያቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን እርፍ የጨበጡ፣ ሽንኩርት የኮተኮቱ ገበሬ ናቸው። ጣታቸውን ደጋግመው ቢጭኑም ጥርት ያለ መስመር አልወጣም። አፍረው፣ «ጣቴ አልቋል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሥራው ነው የፋቀው፤ ጥፋት የለብዎትም» አልኳቸው።

ዓይናቸው ግን ወዲያው ተነበበ። ፋይዳ ከአሥሩ ጣቶች አሻራ ጋር የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስል የሚወስድ መሆኑ የሚጠቅመው እንዲህ ላሉት ሰዎች ነው። አይሪስ በብሌናችን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ዓይን ላይ ጥልፉ በተራ ብርሃን እምብዛም አይታይም፤ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲነሳ ግን ጎልቶ ይወጣል። እርሻም ሲሚንቶም አይፍቀውም። ትራኮማ ጠባሳ የተወበት ዓይን ግን በተራው ላይነበብ ይችላል።

ስለዚህ ለሁሉም ሰው የሚበቃ አንድ የአካል ምልክት የለም። ሌላም ስጋት አለ፦ የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣትና ዓይን አይቀየሩም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም ሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተግባር መከበር ያለባቸው ለዚህ ነው። አገልግሎት ሰጪዎችም ጣት ሲያቅት ዓይንን፣ ዓይን ሲያቅት ፊትን፣ ሁሉም ሲያቅት የሰው ማጣሪያን በመስኮታቸው ያዘጋጁ። አገር የሚመግብ እጅ በመፋቁ ምክንያት ባለቤቱ ከገዛ ገንዘቡ ሊከለከል አይገባም።