በአየር ፖስታ የመጣ ሙያ

«ጨዉ ምን ያህል ይሁን?» «እስኪበቃው።» «በርበሬውስ?» «ዓይንሽ እያየ!» ይህን የመሰለ ምልልስ በእናትና በልጅ መካከል ያልተደረገበት ጓዳ በአገራችን ይገኛል ብለን አንገምትም። እናት እንዲህ ብለው የሚመልሱት ሙያቸውን ለመደበቅ ፈልገው አይደለም። እጃቸው ያውቀዋል፤ አፋቸው ግን ልኩን ተናግሮት አያውቅም። ልጅቱ ከምድጃው አጠገብ እስካለች ድረስ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ እያየች፣ እየቀመሰች፣ አንዳንዴም እያሳረረች ትማራለች። ጭንቁ የሚመጣው ልጅቱ ከቤት ርቃ ስትሄድ፣ ወይም እናት የማይጠየቁበት ቀን ሲደርስ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በዛሬው አምዳችን የምናስተዋውቅዎት ሴት ይኸው ጭንቅ የደረሰባቸውና ከጭንቁም የዕድሜ ልክ ሥራ ያወጡ ናቸው። ወይዘሮ ማዱር ጃፍሪ ይባላሉ። ሕንዳዊት ተዋናይና የምግብ አሠራር መጻሕፍት ደራሲ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ማዱር በ1933 በዴልሂ ከተማ ተወለዱ። በተወለዱ ጊዜ አያታቸው ጣታቸውን ማር አስነክተው በሕፃኗ ምላስ ላይ «ኦም» የሚለውን የሂንዱዎች ቅዱስ ቃል እንደጻፉባት፣ ስለ ልጅነታቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል። ማዱር ማለትም «ጣፋጭ» ማለት ነው። ያደጉት አያት፣ አጎቶችና የአጎት ልጆች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ግን ማዕዱ ቢሞላም ምግቡን የሚሠሩት ወጥ ቤቶች ናቸውና ልጅ ከምድጃው ዘንድ አይደርስም። በትምህርት ቤት የተሰጣቸው የባልትና ትምህርትም ቢሆን በእንግሊዞች ወግ ወተትን በስታርች እያጠነከሩ ለሕመምተኛ የሚሆን ምግብ መሥራት ነበር እንጂ፣ በየቀኑ ስለሚበሉት ምግብ የሚነግራቸው አልነበረም። በዚህ ትምህርት መውደቃቸውን ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩታል።

በ1955 የትያትር ጥበብ ለመማር የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ለንደን ሄዱ። በእንግሊዝ አገር በጦርነቱ ጊዜ የተጀመረው የምግብ ራሽን ካበቃ ገና አንድ ዓመት ያህል ነበር። በተማሪዎች ምግብ ቤት የሚቀርበው ሥጋ ግራጫ፣ ጎመኑም ውሃ ውሃ የሚል ነበር። የሃያ ሁለት ዓመቷ ወጣት በርኃብ ሳይሆን በናፍቆት ተቸገሩና ለእናታቸው ጻፉ። እናትም በስስ የአየር ፖስታ ወረቀት ላይ በጥቂት መስመር ብቻ፣ ይህን ጨምሪ፣ ያንን አቁላዪ እያሉ መለሱ። ልኩ አልተጻፈም። እናት የሚጽፉት ለሚያውቅ ሰው ነበር፤ ልጅቱ ግን አያውቁም።

ታዲያ እንዴት ተሳካላቸው? መልሱን ወይዘሮ ማዱር ደጋግመው ተናግረዋል። ከቤታቸው ሲወጡ ሙያውን ባይዙም ጣዕሙን በምላሳቸው ይዘው ወጥተዋል። የሠሩት ድንች ወይም ሥጋ ከልጅነታቸው ማዕድ ጋር እስኪገጥም ድረስ ይቀምሳሉ፤ ካልገጠመም በሚቀጥለው ቀን ይደግሙታል። በእኛም ቤት ቢሆን ልጅን «ቅመሺ፣ ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ነው። ወንድ ልጅንም መጠየቅ ይገባል፤ እሱም አንድ ቀን ብቻውን ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ትዳሩም ፈረሰ። በ1965 «ሼክስፒር ዋላ» በተባለው ፊልም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይነት የብር ድብ ሽልማት አገኙ። ሆኖም በኒው ዮርክ ለሕንዳዊት ተዋናይ የሚሆን ሥራ ብዙ አልነበረም። በ1966 የኒው ዮርክ ታይምስ የምግብ ጸሐፊ የነበሩት ክሬግ ክሌይቦርን «ምግብ የምትሠራ ተዋናይ» አድርገው ስለጻፉላቸው ዕድላቸው በሌላ በር ተከፈተ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1973 ታተመ። በ1982 ደግሞ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን፣ በቢቢሲ፣ የሕንድን ምግብ አሠራር ማሳየት ጀመሩ። ዶሮ በሎሚና በእርጥብ የድምብላል ቅጠል ሠርተው ባሳዩ ማግስት በማንቸስተር ከተማ ያ ቅጠል ከገበያ አለቀ ይባላል። በ2022 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

እኛን የሚያስደንቀን ሽልማቱ ሳይሆን ከደብዳቤዎቹ እስከ መጽሐፉ ያለው ሥራ ነው። የእናት «ትንሽ» ስንት የሻይ ማንኪያ ነው? «ጥቂት ጊዜ» ስንት ደቂቃ ነው? ይህን ሁሉ በራሳቸው ምድጃ እየፈተኑ ዴልሂን አይታ የማታውቅ ሴት ልትሠራው በምትችልበት ልክ ጻፉት። ሙያ በማንኪያ ከተሰፈረ ይሞታል የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም፤ ስፍሩ ለጀማሪ ምርኩዝ ነው፤ መራመድ ሲቻል ይጣላል።

ከሕንድ ጓዳ የሚገኘው ምክር ለእኛ ባዕድ አይደለም። እርዱ፣ ከሙኑ፣ ድምብላሉ፣ ዝንጅብሉ፣ የተነጠረ ቅቤው፣ ምስሩ ሁሉ በቤታችን አለ። ለምሳሌ የምስር ክክ ወጥ ሕንዶች «ዳል» በሚሉት ዓይነት እንዲህ ይሠራል። አንድ ኩባያ ምስር ክክ ለቅመው፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመው ይጠቡ። በአራት ኩባያ ውሃ ይጣዱት። ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ ይግፈፉና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይጨምሩ። ክዳኑን ገርበብ አድርገው በዝግተኛ እሳት ያብስሉት። የውጭ መጻሕፍት ለዚህ ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ ደቂቃ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለሆነም ጥራጥሬ በደጋ ይዘገያልና ሰዓት ሳይሆን ምስሩን ራሱን በጣትዎ ፈርከስ አድርገው ይመኑ። ጨው በመጨረሻ ይግባ።

ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው። በትንሽ መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ በደንብ ያግሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል ያድርጉበት፤ ቶሎ ይንጫጫል። ወዲያው በስሱ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ደረቅ ቃሪያ ይጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቅማ ሲሆን ከነቅቤው ምስሩ ላይ ገልብጠው ድስቱን በፍጥነት ይክደኑት፤ መዓዛው እንዳያመልጥ ነው። ሕንዶች ይህን «ታርካ» ይሉታል። እኛ ቅመሙን ከቁሌቱ ጋር ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እነሱ በመጨረሻ ያፈሱበታል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል አንልም፤ ነገር ግን የዋለ ወጥ ሲሞቅ በዚህ ዓይነት እንደ አዲስ ማጣፈጥ እንደሚቻል ሞክረን አይተናል።

ቅመም ከመፍጨትዎ በፊት በደረቅ ምጣድ ማመስዎ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከእሳቱ ካወረድን በኋላ በጋለው ምጣድ ላይ መተዋችን ነው። ቀለሙ ጥቂት ጠቆር ብሎ መዓዛው ሲሸት ወዲያው ወደ ሰሐን ይገልብጡት፤ አለዚያ ማረሩን ይቀጥላል። ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ፤ የተፈጨ ቅመም ቶሎ ይፈዝዛል። በወጥ ውስጥ እርጎ መጨመር ቢፈልጉ ደግሞ በአንዴ አይገልብጡ፤ አይቡና ውሃው ይለያያል። አንድ ማንኪያ ጨምረው ቁሌቱ እስኪመጠው ያማስሉ፤ ቀጥለው ሌላ አንድ ማንኪያ። ቁሌት ድስቱን ሲይዝ ዘይት ከመጨመር ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ እንደሚበቃ ለእኛ እናቶች መንገር አያሻም፤ ሕንዶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሩዝ ለሚጠላልፍባቸው አንድ ቃል እንጨምር። ሁለት ኩባያ ረጅም ሩዝ ታጥቦ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍና ይጥለል። በሁለት ኩባያና በሁለት ሦስተኛ ውሃ ይጣድ። ሲፈላ በደንብ ከድነው እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉና ለ25 ደቂቃ አይክፈቱት። የሚያማስሉት ከሆነ የሚበሉት ገንፎ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንመለስ። ውጭ አገር ካለች እህት ወይም ልጅ «የእማማ ሽሮ እንዴት ነበር?» የሚል ስልክ ያልደረሰው ቤት ጥቂት ነው። የዚህ አምድ አዘጋጅም በዚሁ ምክንያት የአክስታችንን የዶሮ ወጥ ለመጻፍ ደብተርና የቡና ስኒ ይዘን አጠገባቸው ቆምን። በርበሬውን በእፍኛቸው ሲያነሱ «እስቲ በዚህ ይጨምሩልን» ብለን ስኒውን ዘረጋን። አንድ ስኒ ሞልቶ ተረፈ። አክስታችን ስኒውን ትኩር ብለው አዩና «እኔ ይህን ሁሉ ጨምሬ አላውቅም!» ብለው ግማሹን ወደ ዕቃው መለሱት። ወጡም የዚያን ቀን ፈዘዘ፤ ጥፋቱም የእኛ ሆነ።

በሚቀጥለው በዓል በሌላ መንገድ ሄድን። ገና ሳይነሡ በማለዳ በበርበሬው ዕቃ ልክ አምስት ስኒ ሰፍረን አስቀመጥን፤ ቅቤውንም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅንም፤ ሽንኩርት ብቻ ላጥን። ወጡ ከወረደ በኋላ የቀረውን ስንሰፍር በርበሬው ሦስት ስኒ ተኩል ነበር።