የባት ደም ሲረጋ፦ ክኒን ወይስ ቀጠሮ?

ጎንደርም ሆነ የእስራኤሏ አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን ሰፈር፣ ያበጠ ባት መጀመሪያ የሚያገኘው የወጌሻ እጅ ወይም ቅቤ ይዞ የቀረበ ዘመድ ነው። አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን ማሸቱ ይቆይ፤ በደም መላሽ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚለየው ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያው ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ የአልትራሳውንዱን እጀታ እግር ላይ ጫን ያደርገዋል። ጤነኛ ደም መላሽ ሥር ሲጫኑት ግድግዳና ግድግዳው ይገጥማል፤ ደም የረጋበት አልጨፈለቅም ይላል።

የረጋው ከጉልበት ጀርባ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ አያከራክርም። ተነቅሎ ሳንባን ሊዘጋ ስለሚችል ደም ማቅጠኛ ይታዘዛል። ክርክሩ ያለው ከጉልበት በታች ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ላይ ነው። እነዚህ ሳይታከሙ ቢቀሩ ወደ ላይ የሚዘልቁት ከ100ው 15 ያህሉ ናቸው፤ የሚዘልቁትም በአብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ነው። ደም ማቅጠኛው ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው «ካክተስ» የተባለ ጥናት፣ ስጋታቸው አነስተኛ ለሆነ ሕመምተኞች የ6 ሳምንት መርፌ የጎላ ጥቅም ሳያሳይ መድማትን እንዳበዛ አሳይቷል።

በዚህ ክርክር የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ሰዉን ለሁለት ይከፍላል። ሕመሙ ያልጠናበት፣ አስጊ ነገርም የሌለበት ሰው ለ2 ሳምንት በአልትራሳውንድ ክትትል ይደረግለታል። ካንሰር ያለበት፣ ከዚህ ቀደም ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ ሆስፒታል የተኛ፣ ወይም የረጋው ደም ረጅምና ለጉልበት ቅርብ የሆነበት ሰው ደም ማቅጠኛ ይጀምራል፤ ከተጀመረም ለ3 ወር ይወሰዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክኒን ሳይሰጣቸው የተመለሱ እናት «ምንም የለብዎትም አሉኝ» ብለው ቀጠሮውን ሊተዉት ይችላሉ። ያለ መድኃኒት መጠበቅ ግን ሕክምና የሚሆነው በቀኑ ከተመለሱ ብቻ ነው። ዕብራይስጡ ከከበደ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት የትርጉም አገልግሎት እንዲያመቻቹ አዟል። የድጋሚ ምርመራውን ቀን ልጆች ስልካቸው ላይ ይያዙት። በመካከሉ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ሲያስሉ ደም ከወጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 101 ይደወላል።