የቀላ ዓይንና የሐኪም ማዘዣ፦ ከዳባት እስከ ቡይት ራስ

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ዓይኑ የሚቀላበት ምክንያት ብዙ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ወደ ቡይት ራስ ሲደረስ ደግሞ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ በመሆኑ፣ አልትራቫዮሌት የተባለው ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ በርትቶ ይወርዳል፤ በበጋ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፣ ብርዱን ለመከላከል በሩ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የምድጃው ጭስ ይታፈናል፣ ገብስ በሚወቃበት ወቅትም እብቅና ገለባ ዓይን ይመታል። በዚህ ሁሉ ላይ ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው ትራኮማ አለ። እነዚህ ሁሉ ዓይንን የሚያቀሉ፣ የሚያስለቅሱና የሚቆረቁሩ በመሆናቸው ለተመልካች አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱን ያዳነ ጠብታ ሌላውን ሊያሳውር የሚችለውም ስለዚህ ነው።

የዓይን መቅላትና ማበጥ፣ በሕክምና ቋንቋ ብግነት የሚባለው፣ ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ምላሹን የሚቀሰቅሰው ባክቴሪያ ሲሆን ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ይወጣና ጠዋት ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ ይገኛል፤ ቫይረስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ እንባ የመሰለ ቀጭን ፈሳሽ ከአንዱ ዓይን ይጀምርና ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አለርጂ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ዓይኖች አጥብቀው ያሳክካሉ። ክሎራምፌኒኮል፣ ቴትራሳይክሊን፣ ጀንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ ጠብታዎችና ቅባቶች የሚሠሩት ለመጀመሪያው ነው። የቫይረሱ ዓይነት በአብዛኛው በአንድና በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚሽር በመሆኑ ለእርሱ የሚፈስ ፀረ ባክቴሪያ ጥቅም የለውም፤ የሚሻለው እጅን መታጠብና ፎጣ አለመጋራት ነው።

ትራኮማ ከሌሎቹ ተለይቶ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው ታውቋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶው የመጣው ትራኮማ የዓይን ብሌን ላይ ከሚተወው ጠባሳ ነበር። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር በመሆን ለዓመታት ያከፋፈለው መድኃኒት ግን ጠብታ ሳይሆን አዚትሮማይሲን የተባለው የሚዋጥ እንክብል፣ ለሕፃናት ደግሞ ሽሮፑ ነው። ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ጨቅላዎች 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ይሰጣል፤ ብዙ እናቶች ዓይኑ የጠራ ሲመስላቸው በሳምንቱ የሚያቋርጡት ይህንኑ ቅባት ነው። ትራኮማው የዓይኑን ቆብ ወደ ውስጥ አዙሮ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መቧጨር ከጀመረ ደግሞ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ በወረንጦ እየነቀሉ ጠብታ ማፍሰሱ ቀን ከማራዘም አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል ምላሽ የሚያለዝብ መድኃኒት በመሆኑ ቅላቱንና ማሳከኩን በአንድና በሁለት ቀን ያበርዳል፤ ታማሚው «ይህስ ፍቱን ነው» ብሎ ለጎረቤቱ የሚመክረውም በዚህ ፍጥነቱ ነው። ነገር ግን ተሕዋሲውን አይገድልም፤ እንዲያውም የሚከላከለውን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ከስር ያለው ኸርፐስ የተባለው ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ ብሌኑን በፍጥነት እንዲበላው መንገድ ይከፍታል። ጠብታው ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ ከሰዎች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ግፊት የማየት ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድለውን ግላኮማን ያመጣል፣ ግላኮማ የወሰደው ብርሃንም አይመለስም። የዓይን ሞራ የሚጀምርበት ጊዜም አለ፤ ሞራው ግን ቢያንስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አደጋው የሚበረታው ዓመት ከዓመት ዓይናቸው በሚያሳክካቸው፣ የደረቅ ወቅት አለርጂ በጸናባቸው ልጆች ላይ ነው፤ ወላጅ ያው ጠብታ ሲያልቅ ያንኑ እየገዛ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉና።

ይህ ሲባል ስቴሮይድ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ዩቪያይተስ በሚባለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ብግነትና ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብርሃንን የሚያድነው እርሱ ራሱ ነው፤ ሐኪም ግፊቱን እየለካ ያዝዘዋል፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቆመዋል። ስለዚህ ገዢው ከካርቶኑ ላይ ስሙን ማንበብ ይጠቅመዋል፤ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን የሚሉ ስሞች ስቴሮይድ መሆናቸውን ያመለክታሉ፤ ብዙ ጊዜም ከፀረ ባክቴሪያ ጋር በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለው ስለሚሸጡ ከሌላው ጠብታ አይለዩም።

በአውድማ ላይ በገለባ ወይም በእሾህ የተመታ ዓይን የተለየ ነገር ነው። ዕፅ የቧጨረው የዓይን ብሌን ላይ ፈንገስ ሊበቅል ስለሚችል፣ ሕመሙ በዚያው ዕለት ቀላል ቢመስልም በቀናት ውስጥ ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የብሌን ቁስል ነው። ቁስል መኖሩ የሚታወቀው ባለሙያው ፍሎረሲን የተባለውን ቀለም ዓይን ላይ አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲመለከት ነውና፣ ይህ ሳይደረግ ስቴሮይድ መጀመር በጨለማ መሄድ ነው። የቅጠል ጭማቂ መጭመቅ ወይም የጡት ወተት ማለብ ደግሞ ተጨማሪ ተሕዋሲ ወደ ቁስሉ ማስገባት ይሆናል።

አወሳሰዱም የራሱ ሥርዓት አለው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ራስ ወደ ኋላ ቀና ይደረግና የታችኛው ቆብ በጣት ሳብ ሲደረግ በሚፈጠረው ትንሽ ኪስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ትገባለች። ኪሱ የሚይዘው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ማፍሰስ በጉንጭ ላይ ከማባከን በቀር ምንም አይጨምርም። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ፣ ከአፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድና ለሁለት ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህ መድኃኒቱ በእንባ ቧንቧ ወርዶ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይሄድ ያደርጋል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ሲታዘዝ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ መቆየት፣ ቅባት ካለም ከጠብታው በኋላ መቀባት ይገባል። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍትን ከነካ ግን ተሕዋሲው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በተከፈተ በ4 ሳምንት ውስጥም ሊጣል የሚገባው ለዚህ ነው፤ ለቤተሰብ ሁሉ በአንድ ብልቃጥ መጠቀምም በሽታውን ማከፋፈል ነው። ንጽሕናው ከፋብሪካ ሲጓደል ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ታይቷል፤ በመድኃኒት የማይበገር ባክቴሪያ የገባበት ሰው ሠራሽ እንባ የተባለ ጠብታ 81 ሰዎችን በክሎ፣ አራቱ ሲሞቱ አሥራ አራቱ ብርሃናቸውን አጥተዋል። አንዳንዱ ጠብታ፣ በተለይ ክሎራምፌኒኮል፣ ብርድ የሚፈልግ በመሆኑ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ለመድኃኒት ባለሙያው አስቀድሞ ቢናገር ለእርሱ የሚስማማ ቅባት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ማንኛውንም ጠብታ ያበላሻል።

ሕመሙ ከበረታ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ ማየት ከደበዘዘ ወይም ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እንዲሁም ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ መግል ከያዘ ለነገ አይባልም፤ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ካልቻለ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም የዓይን ስፔሻሊስቶች ወዳሉበት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስካሁን ዓይኑ ላይ ያፈሰሰውን ጠብታ ሁሉ፣ የተበደረውንም ሆነ ያለ ማዘዣ የገዛውን፣ ከነካርቶኑ ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ከሕመሙ ምልክት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይህ መረጃ ነውና።